ግድግዳው ላይ የተሳለው በር

እሳት ቢነሳ ሚጡ በየት በኩል ትወጣለች?

አያቷ ይህን ጥያቄ ይዘውት ይተኛሉ፤ ይዘውት ይነሳሉ። ሚጡ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ የልጅ ልጃቸው ናት። ሥራዋ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሲፈታ ልብሱን መለየት ነው። መጋዘኑ ያለው አንድ በር ብቻ፣ እሱም ባለ ደረጃ። ጠዋት ሁለት ወንዶች ከነወንበሯ ተሸክመው ያስገቧታል፣ ማታ ተሸክመው ያወጧታል። ሰው ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ ግን ማን ወንበር ይሸከማል?

«ሌላ በርማ አለን» ትላለች ሚጡ ስትቀልድባቸው። «አባባ የሳለው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጡ ከመቀጠሯ በፊት ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ደረጃ የሌለው ሰፊ መውጫ በጓሮ በኩል ይከፈት ብሎ አዘዘ። ባለመጋዘኑ ግንብ ማፍረሱ ከበደው፤ ቀለም ቀቢ ጠርቶ «ግድግዳው ላይ በር ሳልልኝ» አለው። ቀቢውም ማጠፊያውን፣ እጀታውን፣ ከበላዩ «መውጫ» የሚለውን ጽሑፍ ሳያስቀር ሳለ። ተቆጣጣሪው በቦንዳው ክምር መሀል አሻግሮ አየና ፈርሞ ሄደ። ቀቢው የሚጡ አባት፣ የአያቷ ልጅ ነበር።

አያቷ ምሳ አደርሳለሁ ብለው አንድ ቀን ገቡ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ቦንዳ ነው፤ የተሳለው በር ፊት ብቻ ወለሉ ባዶ።

«እዚህጋ ለምን አትከምሩም?»

«እንዴ እማማ፣ መውጫ ይዘጋል እንዴ?» አለች ቦንዳ ፈቺዋ። ሌሎቹ ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

አያቷ ጠጋ አሉ። የእጀታው ቀለም ተልጦ ሲሚንቶው ወዝ አውጥቷል፤ ብዙ እጅ እንደዳበሰው። ከሥሩ የጣት እድፍ ወርዷል፣ ሰው ተቀምጦ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቁመት።

«ሚጡ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ነክቼው አላውቅም። ማናችንም አንነካውም» አለች፤ አሁን አልቀለደችም። «ጠዋት ስንገባ ብሶበት ነው የምናገኘው።»

አያቷ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ግንቡ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። እጀታው ግን ይሞቃል፣ ሰው ገና አሁን እንደለቀቀው።

አመሻሽ ላይ ልጃቸው ከሥራ ገብቶ እጁን ሲታጠብ አጠገቡ ቆሙ።

«በርህን አየሁት።»

«እንዴት ነው? እጄ ይባረክ አይደል እማዬ?»

«ይባረክ። ቁርጥ በር። ጭስ ዓይኗን የጋረደው ቀን ልጅህ የምትሄደው ወደሱ ነው። እየሄዱም ነው መሰለኝ፤ እጀታውን ጨርሰውታል።»

«እነማን?»

አባቷ ከሥራ ተመልሳ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሚጡን አየ። ሚጡ አንገቷን ደፋች።

እጁን ሳያደርቅ ጓዳ ገባ፤ ግንበኛው ጎረቤታቸው ያስቀመጠውን ትልቅ መዶሻ ይዞ ወጣ። ሚጡ ወንበሯን ገፋ አድርጋ አሳለፈችው።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

በሩን ከፈተና በመጋዘኑ መንገድ ሄደ።