ሁለት ግራ እጅጌ

ወንድሜ በፈጠረው ጨዋታ ውስጥ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሌላው ሁሉ ሰይፍ ሲመዝና አስማት ሲደግም እኔ መርፌዬን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። የምንጫወተው ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወረቀት፣ እርሳስና በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ካለ ይበቃል፤ የቀረው ወሬ ነው። አጫዋቹ ወንድሜ «ከፊታችሁ ገደል አለ» ይላል፣ እኛ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፣ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። ዘመኑ የነገሥታትና የዘንዶ ዘመን ነው። ሁሉም ሰው ጥሩር፣ ያንን የብረት ልብስ፣ ለብሶ ይንጎማለላል፤ ጥሩሩን ማን እንደሚሠራላቸው ብጠይቅ ግን የሚመልስልኝ አጣሁ።

ልብስ ሰፊ የሆንኩት የማውቀው ሙያ ስለሆነ ነው። ቀን ቀን አክስቴ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ችግሩ ወንድሜ ያወጣው የሙያ ሕግ ነበር። አንድ ነገር ልሥራ ካልኩ ዳይስ እጥላለሁ፤ ትልቅ ቁጥር ከመጣ ዕቃው ተሠራ፣ ትንሽ ከመጣ ጨርቁም ቆዳውም ድራሹ ጠፋ። የእኔ የዳይስ ዕድል ደግሞ የሚወራ አይደለም። የንጉሥ ካባ ልሰፋ ብዬ ስንት ጣቃ ሐር አየር ላይ በትኛለሁ።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ ሙያ የሚባለውን ነገር ከጨዋታው ሊያወጣው መሆኑን ነገረን። ማንም አይጠቀምበትም፣ ጨዋታውን ያንቀራፍፈዋል አለ። እኔ ወይ ሰይፍ አነሣለሁ፣ ወይ ወንበሩን እለቃለሁ። ወንበሩን ደግሞ አንድ የክፍል ጓደኛው ዓይኑን ጥሎበታል።

ባለ ሰይፉን የሚጫወተው ቀውላላው የጎረቤታችን ልጅ፣ ዘንዶው ሱሪው ሲቀደድበት እንጠራሻለን ብሎ አጽናናኝ። አስማተኛዋን የምትጫወተው፣ መነጽር እያልን የምንጠራት ልጅ እንኳ፣ የልብ ጓደኛዬ ተብላ፣ በወረቀቷ አፏን ሸፍና ሳቀች።

እኔም ቶሎ የምለቅ አይደለሁም። ሕጉን ራሴ ልጻፈው፣ በሚመጣው እሑድ ይሞከር አልኩ። ወንድሜ እንደ ትልቅ ሰው አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ የእሳቱን በር በሙያዬ ካለፍን ሙያ ይቆያል፣ ካላለፍን ወንበሩ ተለቀቀ ብሎ ፈረደ።

የእሳቱ በር በጨዋታው መንገዳችንን ዘግቶ አላሳልፍ ያለን በር ነው። የግድግዳ ያህል ሰፊ ነው፣ በዚህ ዳርና በዚያ ዳር አንድ አንድ የብረት እጀታ አለው፣ እጀታዎቹ ሁልጊዜ ይነድዳሉ። መነጽር በአስማት ያዘነበችው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ቀረ። የቀውላላው የብረት ጓንትም እንደ ሻማ ቀለጠ። እኔ ግን ከቦርሳዬ ሥር አንድ ቁራጭ የእሳት እንሽላሊት ቆዳ ነበረኝ፤ እሳት የማይበላው ቆዳ። ኮት ሰፍቼበት በሩን በኩራት ልከፍተው አሰብኩ። የቀረኝ ሕጉ ነው።

ሕጉ ግን አልመጣ አለ። ስፌት መኪናው ላይ አስባለሁ፣ አዝራር ስተክል አስባለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ቀን የሰው ኮት ስቆርጥ አሰብኩ፤ መቀስና ሐሳብ ደግሞ አብረው አይሄዱም። ጨርቁ አጥፎ ሁለቱን እጅጌ በአንዴ ለመቁረጥ አይበቃም ነበርና አንድ በአንድ ነበር የምቆርጣቸው። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያውን ከቆረጡ በኋላ ልኩ የወጣበትን ካርቶን መገልበጥ ያስፈልጋል። እኔ አልገለበጥኩም።

አክስቴ ሁለቱን እጅጌዎች አንሥታ ትከሻዋ ላይ ለካቻቸው።

«ሰውየው ቀኝ እጁን የት ጥሎት መጣ?» አለች።

ሁለቱም ግራ ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አክስቴ ግን በመቀስ ስህተት አትቆጣም፤ ጨርቁን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ዳበሰችው። ለኮሌታና ለኪስ ክዳን ያስቀመጥናትን ሰፋ ያለች ቁራጭ አመጣችና ካርቶኑን ገልብጣ ቀኝ እጅጌ አወጣችባት። የተረፈችው ግራ እጅጌ ደግሞ ኮሌታና የኪስ ክዳን ሆነች።

«ጨርቅ አይበላሽም» አለችኝ፣ መቀሱን እየመለሰችልኝ። «ስሙ ነው የሚቀየረው።»

ይህን ስትል እኔ እርሳስ ፍለጋ ሄጃለሁ።

እሑድ ሕጌን አነበብኩ። ሙያተኛ ዳይስ ጥሎ ቢሳሳት ዕቃው አይጠፋም፣ ግን ያሰበው ነገር አይወጣለትም። በምትኩ ምን እንደወጣ የሚናገረው ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ተጫዋች ነው። ለምን እንደሚጠቅም የማግኘቱ ጣጣ የሠሪው ነው። ወንድሜ፣ ሰው የማይረባ ነገር እየጠራ ይቀልድብሻል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ይቀልድ አልኩ። አፌን ሞልቼ ነበር ያልኩት።

ቆዳውን ዘረጋሁ፣ ኮት ልሰፋ ነው አልኩና ዳይሱን ጣልኩ። ተንከባለለ፣ የውኃ ማሰሮውን ገጨ፣ ቆመ። አንድ። ከአንድ የሚያንስ ቁጥር ቢኖረው እሱን ይዞልኝ ይመጣ ነበር።

ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ማን ሆነ? ቀውላላው። እኔ ያወራሁላትን የስፌት ቤቱን ወሬ ደግሞ መነጽር አንድ ሳታስቀር ነግራዋለች። ተመቻችቶ ተቀመጠና በፈገግታ አየኝ።

«ሁለት ግራ እጅጌ» አለ።

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ወንድሜ ወንበሬን በዓይኑ ሲለካው አየሁት። እኔ እንደ አክስቴ ጠረጴዛውን በመዳፌ ዳበስኩት። ሁለት እጅጌ። ሁለቱም ግራ። አንድ ሰው ሁለቱን ሊለብሳቸው አይችልም።

አንድ ሰው ለምን ይለብሳቸዋል?

«አንዱን አንተ ልበስ» አልኩት ቀውላላውን። «ሰይፍህን በቀኝህ ነው የምትይዘው፤ ግራህ ሥራ ፈት ነው። ሌላውን መነጽር ትልበስ፤ የአስማት በትሯ በቀኟ ነው። አንተ በዚህ ዳር፣ እሷ በዚያ ዳር፤ የእጅጌውን ጫፍ እስከ መዳፋችሁ ሳቡና ሦስት ስል እጀታዎቹን እኩል አዙሩ። ከበሩ ኋላ የሚዘል ነገር ካለም ቀኝ እጃችሁ ባዶ አይደለም።»

ሳቁ ቆመ። ወንድሜ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ እየቀፈፈው፣ እጀታዎቹ የሚከፈቱት እኩል ሲዞሩ ብቻ እንደነበረ ተናዘዘ። ኮቱን ሰፍቼ ብቻዬን ብገባ ኖሮ አንዱን እጀታ ይዤ እስካረጅ እቆም ነበር ማለት ነው። በሩ ተከፈተ። ከኋላው ሦስት የተራቡ ተኩላዎች ዘለሉ፣ ቀውላላውም በቀኝ እጁ ተቀበላቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ እጅጌዎቼን እንዳያቆሽሹብኝ እጮህ ነበር።

ሲጨርስ ቀውላላው ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ ባለ ሰይፍ ስፌት ቢማር ስንት የጨዋታ ነጥብ ያስከፍለዋል ብሎ ጠየቀ። አልሳቅኩበትም። ብዙ አልሳቅኩበትም።

ወንድሜ ሕጌን ከራሱ ሕጎች ጋር አያያዘው። ሽንፈት ሲውጥ ፊቱ መድኃኒት የዋጠ ይመስላል። ወንበሩ ያንቺ ነው አላለኝም፤ ይልቅ ለሚመጣው እሑድ የምግብ አብሳይ ሕግ እንድጽፍለት አዘዘኝ።

«እጽፋለሁ» አልኩት፣ ወንበሬ ላይ እግሬን አጣጥፌ። «መጀመሪያ ግን የተበላሸ ምግብ በደንብ ማጥናት አለብኝ። ዛሬ ራት አንተ ሥራ።»