የአፄ እስክንድር የመጨረሻ ሰሚ

ባልቻ ጁባ የመጣው መንገድ ሊቀይስ ነበር። እሁድ እሁድ ግን ሃይ ማላካል ሰፈር፣ አስረሳሽ ምግብ ቤት ተቀምጦ፣ በስድስት ዓመቱ ስለነገሠው ስለ አፄ እስክንድር ይተርካል። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር ይጠፋ ነበር፤ ሹፌሩም የባንኩም የአየር መንገዱም ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። በኋላ የሪፈረንደሙ ወሬ መጣ፤ አዲስ አገር ሊወለድ ነው ተባለ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ለነገሠ ሕፃን ማን ይጨነቅ! አንድ በአንድ ሹልክ አሉ።

ሰማን የሚባለው ብቻ ቀረ። ቶንፒንግ ሰፈር ያለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው፤ የምሳ ሳህኑን በእንጀራ እየጠረገ «እሺ ጋሼ፣ ከዚያስ?» ይላል። በዚህች «ከዚያስ» የባልቻ አንጀት ቅቤ ይጠጣል። የሥራ ኮንትራቱ ካለቀ አንድ ወር አልፎታል፤ ልጁ ልዕልት ከአዲስ አበባ «አባዬ፣ ና እንጂ!» እያለች ትወተውተዋለች። እሱ ግን ትኬቱን ሁለት ጊዜ አስተላለፈ። ሰማን መጨረሻውን ሳይሰማ እንዴት ይሄዳል?

የቅበላ እሁድ፣ ንጉሡ በሃያ ሁለት ዓመቱ የሚሞትበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አዲሷ አስተናጋጅ ሀኒ ለሰማን ሂሳብ አመጣች። ሰማን በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አላት። እሷ ወደ ማድቤት ጮኸች፤

«እትዬ አስረሳሽ! ይሄ ሰውዬ በነፃ ነው የምበላው ይላል!»

«ተዪው! ጋሽ ባልቻን የሚሰማልን እሱ አይደል? ምሳው በእኔ ነው!»

ባልቻ ክው አለ። አስረሳሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለችና ፊቱን አይታ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ብቻዎን ሲያወሩ ሳይ አንጀቴ አልችል አለኝ… ለክፋት አይደለም።»

ይሄኔ ነው የተቃጠለው። ቢስቁበት በስንት ጣዕሙ! አዝነውለት አታለሉት። ወደ ሰማን ዞረ።

«እስቲ ንገረኝ፤ ሲነግሥ ስንት ዓመቱ ነበር?»

ሰማን አስረሳሽን አየት አደረጋት። «ሃያ… ሃያ ሁለት?»

«ሕፃን ነበር እኮ!» አለ ባልቻ። «ሰባት እሁድ ሙሉ ስለ አንድ ሕፃን ነው የነገርኩህ! ላንተ ብዬ ልጄን አስቀይሜያለሁ!»

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ» አለ ሰማን አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ተስፋ ይታይ ነበር። «ታዲያ… ታሪኩ አለቀ ማለት ነው?»

ባልቻ ንጉሡን ገና አልቀበረውም ነበር።

«አለቀ» አለው።