ውሃ የከፈተ ሰው

በረዶው የወረደው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰው ሁሉ ካፖርቱን አጥቦ ሰቅሎ ብርዱን የረሳ ጊዜ። የካቲትና መጋቢት ያለ ወጋቸው ሞቀው ስለነበር የፖም ዛፎቹ ተታልለው ከወትሮው ቀድመው አበቡ። በዚያ አበባ ላይ ነው በረዶው ሲዘንብ የዋለው። ኦሊቫ በረጅም ዘንግ ቅርንጫፎቹን ስታራግፍ አመሸች። ጨለምለም ሲል ደመናው ተገፎ ሰማዩ ጠራ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከበረዶ በኋላ የጠራ ሰማይ አይቶ ፈጣሪውን የሚያመሰግን የለም። በረዶው ራሱ አበባውን አይገድልም፤ የሚገድለው ተከትሎት የሚመጣው ውርጭ ነው።

ሊነጋጋ ሲል የገበሬዎች ማኅበሩ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ኦሊቫ ዓይኗን በደንብ ሳትገልጥ ቦት ጫማዋን አጠለቀች፤ ቢጫውን የዝናብ ልብስ ከሚስማሩ ላይ ሳበች፤ ወደ ማሳው ወርዳ የውሃውን ቫልቭ አዞረች። የመርጫዎቹ ራሶች አንድ ሁለቴ አስነጠሱና መሽከርከር ጀመሩ። ውሃው ተነስቶ አበባው ላይ ሲያርፍ፣ ያን ጊዜ ነው ያደረገችው ነገር የገባት። እጇን ከቫልቩ ላይ ሳታነሳ ቆማ ቀረች። ከዚህ ቤት የምትሄድበት ቀን ዛሬ ነበር።

ውሃው አበባው ላይ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ሙቀቱን ለአበባው ይተውለታል። አበባው ብርጭቆ በመሰለ ግግር ውስጥ እንደታሰረ፣ ግን በሕይወት ይቆያል። ይህ የሚሆነው ውሃው ሳያቋርጥ ሲወርድ ብቻ ነው። መሃል ላይ ከቆመ ግግሩ ዞሮ የአበባውን ሙቀት ይመጥጠዋል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያውኑ ባይከፈት ይሻል ነበር። የመርጫ ራስ ደግሞ በውርጩ እየተያዘ ይቆማል። ስለዚህ ውሃ የከፈተ ሰው ፀሐይ በርትታ ግግሩ በራሱ ጊዜ እስኪረግፍ ድረስ ዱላ ይዞ ከረድፍ ረድፍ እየዞረ፣ የቆመውን ራስ መታ መታ እያደረገ ይቀሰቅሳል። ሰርግም ቢሆን ቀብርም ቢሆን እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። «የከፈተ ይዝጋ» ይላሉ።

ኦሊቫ አርባ አንድ ዓመት ሆኗታል። ትሬንቶ ከተማ አንድ ኬክ ቤት ሥራ አግኝታ፣ እዚያው ሰፈር ክፍል ተከራይታ ጨርሳለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ካልገባች ቦታው የሌላ ሰው ነው። አውቶቡሱ ረፋድ ላይ በአራት ሰዓት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የማታው ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ለአባቷ አልነገረችም። በየምሽቱ ካልሲውን ስታወልቅለት ልትነግረው ትከጅልና ካልሲውን አጣጥፋ ትወጣለች።

አባቷ ቸለስቲኖ ከሁለት ዓመት በፊት ዳሌው ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ከደጃፉ አልፎ አያውቅም። ኦሊቫ እጇን ልታሞቅ ስትገባ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ከምድጃው አጠገብ መስኮት መስኮቱን ያያል።

«ተከፈተ?»

«ተከፈተ።»

«የሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያለው ራስ ሰነፍ ነው። እንዳትረሺው።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«አውቃለሁ ስትይ ነው የሚያስፈራኝ። እናትሽም ወተቱ እስኪገነፍል ድረስ አውቃለሁ ነበር የምትለው።»

ኦሊቫ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ከምድጃው ላይ ትናንት ከተረፈው ፖሌንታ፣ ከረጋው የበቆሎ ገንፎ ቆርሳ አፏ ውስጥ ጨመረችና ተመልሳ ወጣች።

ከሽቦው አጥር ማዶ ጎረቤታቸው ጄማ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት፣ የራሳቸውን ዱላ ይዘው በውሃው ውስጥ ይራመዳሉ። ባርኔጣቸው ላይ ግግር ተንጠልጥሏል።

«እትዬ ጄማ፣ የእኛን እስከ ቀትር ቢይዙልኝስ?»

«ምነው፣ ምጥ መጣብሽ?»

«አራት ሰዓት ላይ ጉዳይ አለብኝ።»

«ዛሬ ጉዳይ ያለው ሰው የለም ልጄ። ያሉኝ ሁለት እግሮች ናቸው፤ አንዱማ የሰው ሳይሆን አይቀርም። ቄሱን እንኳ አላየሻቸውም? በደብሩ ማሳ ውስጥ አቀርቅረው ሲያነበንቡ ጸሎት መስሎኝ አማተብኩ። ለካ መርጫውን እየተሳደቡ ነው።»

ኦሊቫ ሳቀች። ዙሪያውን አየች። ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ይረጫል። በየረድፉ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል። ዓመቱን ሙሉ አንዱ ያንዱን ላም የሚያልብለት፣ አንዱ ያንዱን ልጅ የሚጠብቅለት አገር፣ ዛሬ እያንዳንዱ በገዛ ውሃው ታስሯል።

ከውሃው ራቅ ብላ ስልኳን አወጣች። ጣቶቿ ደንዝዘው ቁጥሩን ሁለቴ ሳተችው። የኬክ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ብሩና አነሱ።

«ነገ ጠዋት ብመጣስ ወይዘሮ ብሩና?»

«ለምን ሲባል?»

«አበባው ላይ ውሃ እየረጨሁ ነው። እንዳይበርደው።»

ከወይዘሮ ብሩና ኋላ የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

«እንዳይበርደው ውሃ ትረጪበታለሽ?»

«አዎ። በረዶ እንዲሆን።»

«ስሚ እህቴ፣ ባለፈው ሳምንት አንዷ አያቴ ሞተች ብላ ቀረች፤ እሷ እንኳ ካንቺ የተሻለ ውሸት አላት። ዛሬ ትገቢያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?»

«እገባለሁ» አለች ኦሊቫ። እንዴት እንደምትገባ ግን አታውቅም።

ስልኩን ኪሷ ውስጥ ስትከት ነው ሰነፉ ራስ ትዝ ያላት። ከጄማ ጋር ከቆመችበት ጊዜ ጀምሮ አላየችውም። ሮጠች። ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ስትደርስ ግን መርጫው እንደ ጤነኛ ይሽከረከራል። ከሥሩ ያለው በረዶ ላይ የቤት ጫማ ዱካ አለ። ከዱካው ጎን ለጎን የከዘራ ጫፍ የወጋው ክብ ክብ ቀዳዳ ይሄዳል። ዱካው ከማድ ቤቱ በር ወጥቶ፣ ረድፉን ተከትሎ፣ ወደ አራተኛው አቋርጦ፣ ተመልሶ ገብቷል። ኦሊቫ ጎንበስ ብላ አየችው። እርምጃው እኩል ነበር። እግሩ አልተጎተተም።

ስትገባ አባቷ እንደ ጠዋቱ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ጥሏል። የቤት ጫማው ምድጃው ሥር ይተናል።

«ጫማህ በስብሷል አባባ።»

«ድመቷ ውሃ ደፍታበት ነው።»

«ድመቷ ከዘራ ይዛ ነው ማሳ የወረደችው?»

ቸለስቲኖ አገጩን አሸ። «ቆሞ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በመስኮቱ አየሁት። አንቺ ከጄማ ጋር ወሬ ይዘሻል። ብጮህ የሚሰማኝ የለም። ዓይኔ እያየ አበባው ይሙት?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትራመደው?»

«አሁን እሱ ምን ያደርግልሻል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፖሙ ከተለቀመ ወዲህ።»

ፖሙ የተለቀመው ባለፈው መስከረም ነው። ከዚያ ወዲህ የብርዱን ወራት ሙሉ እፊቱ ተንበርክካ ካልሲ አልብሳዋለች፤ የእግሩን ጥፍር ቆርጣለታለች። ያን ጊዜ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። በልጁ መታገዝ አሳፍሮት ነው ብላ እሷም ቀና ብላ አታየውም ነበር።

«ለምን አባባ?»

«ከዳንኩማ ትሄጃለሽ» አለ፤ ነገ ዝናብ አለ እንደሚል ሰው።

ምድጃው ውስጥ አንድ ግንድ ተሰብሮ ወደቀ። ኦሊቫ የዝናብ ልብሷ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ቆመች።

«ዛሬ እሄዳለሁ። በአራት ሰዓቱ።»

«ውሃውን ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው የከፈተ ይዝጋ።»

«የሚራመድ ይዝጋ» አለች ኦሊቫ። ቢጫውን የዝናብ ልብስ አውልቃ፣ ውሃው እየወረደ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው። ዱላውን ከላዩ አጋደመችበት። «ስድስት ረድፍ ነው። አንዱን ስትጨርስ አረፍ በል። ምናልባት ከወደቅህ ...»

«ከወደቅሁ ጄማ ትስቃለች።» ከዚያ እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ። «በይ ቦት ጫማዬን አጥልቂልኝ።»

ጉልበቷ በራሱ ታጠፈ። መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ያዘችውና ቀና አለች።

«ትችልበታለህ» አለችው።

ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ጎንበስ ብሎ ከአንደኛው ቦት ጫማ ጋር ይታገላል። ቀና ብሎ አላያትም።

አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ሹፌሩ ታርቺዚዮ አብሯት የተማረ የመንደሩ ልጅ ነው።

«ሰው ሁሉ ውሃ ላይ ነው፤ የእናንተን ማን ያዘው?»

«አባቴ።»

«ቸለስቲኖ? እሱ ደግሞ መንቀሳቀስ ይችላል እንዴ?»

አውቶቡሱ ወንዙን ተሻግሮ የወዲያኛውን ተራራ መውጣት ጀመረ። መንደሩ ከኋላ ተዘርግቶ ታየ። ፀሐይዋ ጣሪያዎቹ ላይ ደርሳለች፤ ማሳው ላይ ግን ገና ነው። በየረድፉ የሚነሳው ውሃ ነጭ ጭስ ይመስላል። ኦሊቫ ሻንጣዋን ወንበር ላይ ወርውራ ወደ ኋላው መስኮት ሄደች፤ የእነሱን ጣሪያ አገኘች፤ ከጣሪያው ወደ ታች ረድፎቹን ቆጠረች። ቢጫ ነገር ይንቀሳቀሳል። ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል። ሁለተኛውን ረድፍ ጨርሶ ወደ ሦስተኛው ታጠፈ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። መርጫውን እየመታ ይሆናል። ዛፉን ተደግፎ ይሆናል። አረፍ በል ያለችው ራሷ ናት።

«ኦሊቫ፣ ተቀመጪ እንጂ!» አለ ታርቺዚዮ በመስታወቱ እያያት። «ከጫማሽ የሚወርደው ውሃ ወለሉን ሁሉ አረሰረሰው።»

«ትንሽ ቀስ በል።»

«ምን?»

«ቀስ በል አልኩህ፤ ትንሽ ብቻ።»

«ዳገት ላይ ቀስ ብል ወደ ኋላ ነው የምንሄደው።»

ቢጫው እዚያው ነው። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ እየቀረበ መጣ። ከዋሻው ማዶ ሸለቆው እንደማይታይ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ፊቷን ወደ ኋላ እንዳዞረች ቆማ ቀረች፤ አውቶቡሱም ዋሻው ውስጥ ገባ።