የቀይ ጨርቋ ላም

«ቀዩን ጨርቅ ማን ፈታው?»

የጠየቀችው በሹክሹክታ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ሹክሹክታ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። በግድግዳው ጥግ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት እንግዶች አንገታቸውን እንደ ደፉ ጆሯቸውን ቀሰሩ። ጠያቂዋ የሟቹ ታላቅ ልጅ ናት። መናኸሪያ ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ የስንቱን ስድብ ፈገግ ብላ ያሳለፈች ስለሆነች በቀላሉ የምትበሳጭ ሴት አይደለችም። አባቷ በተቀበረ ማግስት ግን ከትዕግሥቷ የቀረው እንጥፍጣፊ ነበር።

«የቱን ጨርቅ?» አለ አጎቷ።

«ላሟ ጅራት ላይ የታሰረውን።»

«እሱንማ እኔ ነኝ የፈታሁት። ሰው ሊያስተዛዝን እየገባ በረት ውስጥ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ይታይ? ሰርግ ያለብን ነው የሚመስለው።»

«ከየትኛዋ ላም ነው የፈታኸው?»

አጎትየው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሙያው ፀጉር ማስተካከል ነው። ወንድሙ በድንገት ሲሞትበት የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት፣ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፤ አራቱንም ላሞች አጥቦ አበጠረ፣ የጅራታቸውን ጫፍ ሳይቀር ከረከመው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማሩ ላሞች በዚያ በረት አልታዩም።

«አራቱንም በአንድ ቀን ነው ያሳመርኳቸው። የትኛዋ እንደነበረች በምን ላስታውስ? ጨርቁንም ከቆሻሻው ጋር አቃጥዬዋለሁ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ቅድም በረት ብቅ ስትል መደርደሪያው ላይ አዲስ የተከፈተ የመድኃኒት ብልቃጥ አይታለች። አባቷ ብልቃጥ ከከፈተ ላም ታማ መርፌ ወግቷታል ማለት ነው፤ መርፌ ከወጋት ደግሞ ጅራቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። መድኃኒቱ ከላሟ ሰውነት እስኪወጣ ድረስ ወተቷን ሰው እንዳይጠጣው ምልክቱ ይኸው ነበር። ሌላ ምልክት የለውም።

ዓይኗን ስትገልጥ የእንግዶቹን እጅ አየች። ሁሉም ሻይ በወተት ይዘዋል። ጠዋት የታለበው የአራቱም ላሞች ወተት ነው፣ በአንድ ማሰሮ ተቀላቅሎ የፈላ።

ተነሥታ ስኒ መሰብሰብ ጀመረች። «ቀዝቅዟል፣ ልቀይርላችሁ።»

«ኧረ ልጄ፣ አፌን እያቃጠለኝ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አይ አባባ፣ ቀዝቅዟል» ብላ ከእጃቸው ወሰደችው። ሽማግሌው ወደ ጎረቤታቸው ዘወር ብለው፣ ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርገዋል አሉ።

በስኒ የተሞላውን ትሪ እንደ ያዘች ወደ አጎቷ ተመለሰች። «ለደንበኛ የሄደ ወተት አለ?»

«ትናንት በቀብሩ ምክንያት ለማንም አልሄደም። ዛሬ ግን ለልብስ ሰፊዋ ራሴ አድርሼላታለሁ፣ ሌሎቹ ከሰዓት ይመጣሉ» አለ፤ ድምፁ ላይ ትንሽ ኩራት ነበረበት። «ለቅሶ ነው ብለን ደንበኛ እናጣ እንዴ?»

ትሪው ጠረጴዛ ላይ በኃይል ወረደ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በአንድ ወቅት ለሳል የተሰጠው መድኃኒት ፊቱንና ጉሮሮውን አሳብጦት ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ሐኪሙም ከዚያ ዘር ጠብታ እንኳ እንዳይደርሰው ብሏል። ላሞቹ የሚወጉት ያንኑ ዘር ነው። አባቷ ይህን ስለሚያውቅ ለእናትየው፣ ልጅሽ ከእኔ ቤት ክፉ አይጠጣም ብሎ ቃል ሰጥቷታል።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል» አለች እናቷ ጥቁር ሻሿን እየሳበች።

«የፈለገውን ይበል» አለችና ወጣች። በነጠላ ጫማ፣ በሐዘን ልብሷ መንገዱን እየሮጠች ስታቋርጥ ያዩዋት ባለ ሱቆች ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ተከትለው ወጡ።

ወተቱ ፈልቶ፣ ሳህን ተከድኖበት፣ በስፌት ቤቷ መስኮት ላይ ይቀዘቅዝ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት አልተመለሰም። ሴትዮዋ በሩ ላይ ተደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየችና ነገሩን ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻት።

«አፍልቼዋለሁ እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሳት መድኃኒቱን አያወጣውም እትዬ። አባዬ ይህን ሲናገር እየሰማሁ ነው ያደግሁት።»

ልብስ ሰፊዋ ድስቱን አንሥታ ፍሳሹ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለችና በአንገቷ የተንጠለጠለውን ሜትር ስትነካካ ቆየች።

«ይህን ሜትር አባትሽ ስንቴ ተውሶኛል መሰለሽ። መጀመሪያ የመጣ ቀን የምን ልብስ ሊያሰፋ ነው ብዬ ነበር። ለካ የላሟን ደረት ሊለካበት ነው። የሰፈሩ ሰው፣ ለላሙ ሱፍ ሊያሰፋላት ነው እያለ ሲስቅበት ከረመ።» ራሷም ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምን ያደርግልሃል ስለው፣ 'ክብደቷን ሳልገምት ምን ያህል ልወጋት ነው? ካነሰ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ከበዛ ላሟን ይጎዳል' አለኝ። መድኃኒት ሻጩ፣ ለእርግጠኝነት ትንሽ ጨመር አድርግበት ቢለው ተጣልተው ስንት ጊዜ ተኳርፈዋል።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቱ።

«መርፌ በወጋ ቁጥር እዚህ ደጃፍ ድረስ መጥቶ 'ዛሬ ላንቺ የለኝም' ይለኛል። ነጋዴ 'የለኝም' ለማለት ደጅ ድረስ ሲመጣ ከእሱ በቀር አላየሁም። ለመሆኑ የታመመችው የትኛዋ ናት?»

«አላውቅም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አበገናት።

ስትመለስ መንገዱ ረዘመባት። አሁን የተናደደችው በአጎቷ ብቻ አልነበረም። በአባቷም ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ሰው ወተት ስትናደድ ኖራለች። ልጅ ሳለች ትርፍ ሳንቲም በሌለበት ቤት፣ ሰውየው ባልዲ ሙሉ ወተት ይዞ ወጥቶ ጉድጓድ ውስጥ ይገለብጥ ነበር። ጎረቤት «አባ ድፋው» የሚል ስም አወጣለት። እኩዮቿም፣ ላም አለኝ በምድር፣ ወተቷ ለአፈር እያሉ ያዜሙባት ነበር። ጫማዋ ተቀዶ በነበረ ወቅት አንድ ጊዜ፣ ማን ያይሃል አባዬ፣ ሸጠህ ጫማ ግዛልኝ ብላዋለች። እሱም ቁጭ ብሎ፣ የሚጠጣው ሰው ስለማያየው ነው እኮ እኔ የማየው አላት። በሰባት ዓመቷ ይህ መልስ ጫማ አልሆነላትም። ዛሬ ደግሞ ይኸው ሁሉን የሚያይ ሰው የትኛዋን ላም እንደወጋ ለአንድም ሰው ሳይናገር ሄደ። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው እንዴት ነገሩን ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጥለዋል?

ቤት ስትደርስ አጎቷንና እናቷን ማድ ቤት አገኘቻቸው። የጠዋቱን ወተት ከነማሰሮው ደፋችው።

«እሺ፣ ይሄስ ይሁን» አለ አጎትየው፣ ድምፁን ለእንግዶቹ ሲል ዝቅ አድርጎ። «ከሰዓት የሚታለበውስ? ነገስ? አራቱንም ስንደፋ ልንከርም ነው? እናትሽ ከዚህ ሌላ ገቢ የላትም። አንቺ ቲኬትሽን ልትቆርጪ ትሄጃለሽ፤ ደንበኛ የሚያፋጥጠው እኔን ነው። የአንዷን ከሆነ እሺ፣ ለይተሽ አሳዪኝና እኔው ራሴ እደፋዋለሁ። ካልሆነ ግን ለሰው እሸጣለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ጨርቁን ባትፈታው ኖሮ እኮ...»

«ለወንድሜ ምን ላድርግለት? ማበጠር ነው የማውቀው።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ነግሮኛል» አለች እናት በድንገት። ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። «ሊሞት ዋዜማውን፣ ማታ። 'ዛሬ እንዲህ ያለችዋን ወግቻታለሁ' ብሎኛል። ሁልጊዜም ይነግረኝ ነበር። እኔ ሳህን እያጠብኩ 'እሺ፣ እሺ' አልኩት።» በእርጥብ እጇ አፏን ያዘች። «የመጨረሻ ወሬው ነበር። አላዳመጥኩትም።»

ሴትዮዋ ራሷም በስልክ ስለ ላሞቹ ሲያወራት ስንት ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። የእናቷን ትከሻ አቅፋ ቆየችና ወደ ጓሮ ወጥታ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች። ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሣ፤ ከበስተጀርባው ከብት ይጮሃል።

«አዎ፣ አይቻታለሁ» አለ ሐኪሙ። «ኃይለኛ ትኩሳት ነበራት፣ መዥገር የሚያመጣው በሽታ ነው። መርፌውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ላሟ... ቡናማ ነበረች።»

«አራቱም ቡናማ ናቸው ዶክተር። አራቱም ደግሞ ደህና ሆነው እየበሉ ነው።»

ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲያው እስክትለዪያት የሁሉንም ድፉ። ስሚኝ ግን፣ ያ መርፌ የተወጋበት ሥጋ ለጥቂት ቀን ያብጣል። አንገታቸውን ዳብሺ። አባትሽ መጠኑ በዛ ካለ አንድ ቦታ አይጨርሰውም፣ ለሁለት ከፍሎ ነው ግራና ቀኝ የሚወጋው። በሁለቱም በኩል እብጠት ካገኘሽ የእሱ እጅ ነው። ቶሎ ፈልጊ፣ ሲውል ሲያድር ይጠፋል።»

በረቱ የሳሙና ሽታ ይሸት ነበር። አጎቷ ባዶ ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የመጀመሪያዋን ላም አንገት ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ድረስ በጣቶቿ ጫፍ ፈተሸች፤ ልስልስ ነው፣ ምንም የለበትም። ሁለተኛዋ እንግዳ እጅ አልወደደችምና ገፈተረቻት፤ ግድግዳ ላይ አጣብቃት ሁለት ጊዜ እግሯን ረገጠቻት። እሷም ላይ የለም። በሦስተኛዋ አንገት ላይ የሆነ ነገር ያገኘች መስሏት ደጋግማ ዳበሰችው፤ የድሮ ጠባሳ ነበር፣ በሌላኛውም በኩል አቻ የለውም። ምናልባት እብጠቱ ጠፍቶ ይሆናል አለች በልቧ። ምናልባት አባዬ በዚህኛው ጊዜ ሌላ ቦታ ወግቶ ይሆናል። ንዴቱ ተመልሶ መጣባት።

አራተኛዋ ላም ከሁሉም ጤነኛ የምትመስለው ነበረች። ስታመነዥክ ቀና እንኳ አላለችም። በግራ አንገቷ ላይ፣ ከተበጠረው ፀጉር ሥር፣ ሎሚ የምታህል ጠንከር ያለች እብጠት አለች። ሴትዮዋ በላሟ ጀርባ ላይ ተንጠራርታ ሌላኛውን እጇን ወደ ቀኝ ሰደደች። እዚያም አለች፤ ልክ በትይዩው፣ በዚያው ከፍታ።

ከመርዶው ሰዓት ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። በቀብሩም ጊዜ የሚያለቅሱትን ስትደግፍ ነው የዋለችው። አሁን ግን ግንባሯን ላሟ ጀርባ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። አባቷ በዚህ ዓለም ላይ በእጁ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ይኸው ከመዳፏ ሥር ነው፤ ሙቀት አለው። በጥቂት ቀን ውስጥም ይጠፋል፤ መጥፋቱም ላሟ ዳነች፣ ወተቷ ጠራ ማለት ነው። እንዲጠፋ አልፈለገችም።

«አገኘሻት?» አለ አጎቷ ከበሩ።

«አዎ። ይቺ ናት።»

«በይ እንግዲያው ዞር በዪልኝ፣ ከሌሎቹ ልለያት።»

«ትንሽ ቆይ፣ ጋሼ» አለች። ላሟን እንዳያማት ጣቶቿን አላላችና፣ ሁለቱን መዳፎቿን ከሁለቱ እብጠቶች ላይ ሳታነሣ ቆመች።