ባልቻ በበርበሬው መጋዘን

ባልቻ ሠላሳ ዓመት በጦር ሠራዊት ባንድ ሳክስፎን የነፋ፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ወልቂጤ ገብቶ የሰርግ ባንድ ያቋቋመ ሰው ነው። ከጃዝ ሁሉ የሚወደው ሀርድ ቦፕ የሚባለውን ነበር፤ ምቱ ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢዞር ወደ ወጣበት የሚመለስ። ምት የሳተ ተጫዋች ካጋጠመው የዚያን ቀን ምሳ አይበላም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈቲሀ የምትባል ወጣት ድራም መቺ ከቡታጅራ መጣችበት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ፍሪ ጃዝ እንደምትቀርጽ፣ በአንድ ሥራቸው ላይ በእንግድነት እንዲነፋላቸው እንደምትፈልግ ነገረችውና ስልኳን ከፍታ አሰማችው።

ሚስቱ ዓለምዘውድ ከጓዳ ብቅ ብላ "ምን ወደቀ?" አለች።

"ምንም አልወደቀም፤ ሙዚቃ ነው" አላትና ወደ ፈቲሀ ዞረ። "ቅኝቱ ምንድን ነው?"

"ቅኝት የለውም፣ ጋሽ ባልቻ።"

"ምቱስ?"

"እሱም የለውም።"

"ታዲያ ምን ላይ ቆሜ ልንፋ?"

"መጥተው ይዩታ።"

እምቢ ሊል ነበር። ግን ያንኑ አሥር የሰርግ ዘፈን መንፋት ከጀመረ ስንት ዓመቱ! ሳክስፎኑን ፈልጎ ቤቱ ድረስ የመጣ ሰውም እስካሁን አልነበረም። በሳምንቱ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሚኒባስ ተሳፈረ።

ስቱዲዮ የተባለው የፈቲሀ አባት፣ የአቶ ሙከሚል የበርበሬ መጋዘን ነበር። ድምፅ እንዳይወጣ ጆንያዎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ባልቻ ሊነፋ ትንፋሹን ሲስብ ሦስቴ አስነጠሰው።

"ይማርዎት" አሉ ሙከሚል ከበሩ ላይ። "የማረቆ በርበሬ ነው፤ እንግዳ አያውቅም።"

ቀረጻው ተጀመረ። የአንዱ ጓደኛዋ ቤዝ ጊታር ወዲያ፣ ድራሙ ወዲህ ሄደ። ባልቻ አንዱን ያዝኩ ሲል ሌላው ያመልጠዋል። ሁለቴ ሞክሮ ሳክስፎኑን ከአንገቱ አወረደ።

"ልጄ፣ አልቻልኩበትም። እናንተን ልምሰል ብዬ የማላውቀውን ነው የምነፋው።"

ፈቲሀ ዱላዎቿን አስቀመጠች። "እኛን ይምሰሉ መቼ አልን? እኛ ብቻችንን ስንሆን ከምቱ ምን ያህል እንደራቅን እንኳ አይታወቀንም። እርስዎ እንደራስዎ ይንፉ።"

የባልቻ ትከሻ ላላ። መሬቱን በእግሩ እየመታ የራሱን ምት ጀመረ። ልጆቹ ዙሪያውን ተበተኑ፣ ተንጫጩ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ጥቂት ቆይቶ ፈቲሀ የድራሟን የነሐስ ሳህን ስትመታው ሳያስበው ተከትሏት ከምቱ ወጣ፤ እንደ ጥጃ ፈነጠዘ፣ ጮኸ፣ መልሶም ገባ። ሲያበቁ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነፍቷል።

"እንደገና" አለ ላቡን እየጠረገ።

ሥራው ሲወጣ የሰማው ሰው ብዙ አልነበረም፤ የሰሙት ግን ያ ሽማግሌ ማነው ብለው ጠየቁ። እነፈቲሀም በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ደግመው ጠሩት። የሰርግ ባንዱ ጓደኞቹ በስተርጅና አበደ ብለው ሳቁበት። ሙሽሮች ግን አልፎ አልፎ በሰርግ ላይ የሚያስገባውን ያንን አዲስ አነፋፍ ድገምልን ማለት ጀመሩ።

ለሦስተኛው ቀረጻ ዓለምዘውድን ይዟት ሄደ። ጆንያ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ ጆሮዋን ያዘች። በኋላ ባልቻ ከምቱ ወጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲፈነጥዝ አየችው። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ባልቻ ደንግጦ ዞረ። ፈቲሀ ግን እልልታውን በድራሟ ተቀበለችው፤ እሱም እየሳቀ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ገባበት።

"አበላሸሁባችሁ?" አለች ዓለምዘውድ ሲያበቃ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

"እንዲያውም ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው፤ ቆርጠን አንጥለውም" አለች ፈቲሀ።

ሥራው በወጣ ዕለት ባልቻ መነጽሩን አድርጎ የእንግዶቹን ስም ከስልኩ ላይ አነበበላት፦ "ሳክስፎን፣ ባልቻ። እልልታ፣ ዓለምዘውድ።"

ዓለምዘውድ ስልኩን ተቀብላ ትንሽ አየችው።

"የኔን ለምን ከታች ጻፉት?" አለች።