የካባው ቀለም

«ይመጣል። ሁሉም ነገር አለቀ፣ በቃ ሲባል ነው የሚመጣ።»

«ካባውን እያርገበገበ።»

«ሕዝቡ ሽቅብ ያንጋጥጣል። ከዚያ...»

«ከዚያማ ክፉዎቹ መግቢያ ያጣሉ!»

ይኸን የሰማሁት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የትኛው የማን ቃል እንደ ነበር ዛሬ ለይቼ መናገር አልችልም፤ መሐል ላይም የጠፋኝ አለ። ተናጋሪዎቹ ልብስ ሰፊው ሙሀመድየሱፍና ወዳጁ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሙሀመድየሱፍ በባሕር ዳር ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። ተክለ ጊዮርጊስ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ቅኔ ጀምሮ፣ ትቶ፣ አዲስ አበባ ኮብልሎ፣ ከአብዮቱ በኋላ ተመልሶ ፋብሪካ ገብቶ ነበር። እኔ ከበረንዳው ጥግ የተሰፋውን በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው፤ ዳዊት መድገምም እንደዚያው። አፌ ብዙ አይናገርም፤ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት የሚያወሩ መሰለኝ። ሙስሊምና ክርስቲያን ስለዚያ ቀን ተስማምተው ማውራታቸው ደስ አለኝ። ግን የሚስቁት ለምንድን ነው? ቀጥሎ የመጣብኝ አሳብ ካውያውን ከጨርቁ ላይ አስነሣኝ። ካባ ማን ይለብሳል? ቄስ ይለብሳል፣ ሙሽራ ይለብሳል። ተመልሶ ይመጣል የሚባል ባለ ካባ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ንጉሥ። ዘመኑ ደግሞ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚቀርበት ዘመን ነው።

ስለ ማን ነው የምታወሩት ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ራሱ ያስጠይቅ ነበር።

ከእኔ ሌላ የሰማ ኖሯል። ሳምንቱ ሳይወጣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ሁለቱንም ወሰዷቸው። ሙሀመድየሱፍ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የሄደ። እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ በቀበሌው አዳራሽ ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ።

ከጠረጴዛው ኋላ ሊቀመንበሩ አንዳርጋቸው ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከጎኑ የጥበቃው ኃላፊ አለበል አለ፤ እሱ ደግሞ ጠረጴዛ ሳይመታ መናገር አይችልም።

«ባለ ካባው ማነው?» አለ አለበል።

«የቴሌቪዥን ሰው ነው፣ ጓድ» አለ ሙሀመድየሱፍ። «ድሮ አዲስ አበባ ስፌት ስማር፣ መርካቶ አንድ ባለ ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ወደ መስኮቱ ያዞርልን ነበር። የፈረንጅ ጨዋታ ነው። ሰውየው ካባ ደርቦ ይበርራል፣ ሌባ ይይዛል።»

«ይበርራል!»

«ጨዋታ ነዋ! ግንብ ሲደገፍ ግንቡ ይወዛወዛል፣ ካርቶን ነው። ደግሞ ሙታንታውን ከሱሪው በላይ ነው የሚለብስ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ይኸን እንዴት እረሳለሁ?»

ከጥበቃዎቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ አለበል ዞር ሲልበት ሳል አስመሰለው።

«ሙታንታ ከሱሪ በላይ ለብሶ አገር የሚያድን ሰው ነው የምትነግረን? እዚህ የምትቀልድ መሰለህ?»

ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ሲበርር ወገቡ ላይ ምን ይታያል?»

የሙሀመድየሱፍ ፊት በራ። «ገመዱ! ገመዱ ይታያል እንጂ! እኛም እያየን እንዳላየን እንሆን ነበር።»

«ካባው ምን ቀለም ነበረው?»

«ቀይ። ደም የመሰለ ቀይ።»

እሱን አስወጥተው ተክለ ጊዮርጊስን አስገቡት። ግንቡንም፣ ሙታንታውንም፣ ገመዱንም ደረደረ። ቀለሙን ሲጠየቅ ግን «ሰማያዊ» አለ። «ጧት ጧት ባሕራችን እንደሚሆነው ያለ።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ተረቱን አጥንታችሁ ቀለሙን ማጥናት ረስታችኋል» አለ። «ሰኞ ወደ በላይ ይተላለፉ።»

ወደ በላይ ማለት ምን እንደ ሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። በዚያ መንገድ ስንቅ ይመለሳል እንጂ ሰው አይመለስም።

እኔ ተራዬ ሲደርስ «ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም። ቴሌቪዥን የሚሉትንም አይቼ አላውቅም» አልሁ። ለቀቁኝ።

በሩ ላይ የሙሀመድየሱፍ ሚስት ዘይነት ምሳ ይዛ ቁማለች።

«አያ ገብረ ኪዳን፣ ጆሮህ ከካውያህ ይልቅ ይግላል ይሉሃል። የጠቆምሃቸው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«አይደለሁም፣ እቴ ዘይነት። መድኃኔ ዓለምን።»

«አሁንማ የማይምል አለ?»

አላመነችኝም። አልፈረድሁባትም፤ እኔም በዚያ በረንዳ ያለፈውን ሁሉ፣ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣውን ሳይቀር ስጠረጥር ነው የሰነበትሁ። ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የቀለሙን ነገር ስነግራት ግን ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

«የምን ቀለም? እኔም እኮ ከእሱ ጋር መስኮቱ ሥር ቁሜ አይቻለሁ። ያ ቴሌቪዥን ነጭና ጥቁር ነበር! ሰውየውም ካባውም አመድ ነው የሚመስሉ። ቀለሙን የቀቡት ከየልባቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ረስተውታላ! እንደዚያ የወደዱትን ማን አመድ አድርጎ ያስታውሰዋል?»

ሊቀመንበሩ በዚህ መሐል ወጥቶ ሂዷል። ምሳውን ለእኔ አስይዛ ገባችና ይኸንኑ ተናገረች። አለበል «ባሏን ለማስፈታት የፈጠረችው ነው» ብሎ አስወጣት።

ቤቴ ገብቼ የሰማሁትን ቃል በቃል አገላበጥሁት። አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ሙሀመድየሱፍ ገመድ የሚል ቃል ሳይተነፍስ ነው ሊቀመንበሩ ስለ ወገቡ የጠየቀ። ያላየ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። አይቶ ከሆነስ ለምን ውሸታሞች አደረጋቸው? እያወቀ ሊያጠፋቸው ነው? ይኸ ከመጣብኝ በኋላ አለበልን ትቼ እሱን መፍራት ጀመርሁ። ግን ሌላ የምሄድበት ሰው አልነበረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ጠበል ቀምሼ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድሁ። አንዳርጋቸው ከደቅ ደሴት እንጨት ጭነው የመጡ ታንኳዎችን ያስፈትሻል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየው። «ጠይቅ።»

«ገመዱን የት አዩት?»

ክንዴን ይዞ ከታንኳዎቹ አራቀኝ። «ማነው የላከህ? አለበል ነው?»

«ማንም አልላከኝ።»

«ለማን ተናገርህ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

እንደሚያሳስረኝ እርግጠኛ ነበርሁ። በልቤ የያዝሁትን ጸሎት እንኳ አልጨረስሁም።

«አዲስ አበባ አንድ ደጃዝማች ቤት ነው ያደግሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብርጭቆ አጣቢ ነበርሁ። እዚህ ይኸን የሚያውቅ የለም። የጭቁን ገበሬ ልጅ ነኝ ብዬ ነው የተመረጥሁ፤ እሱም ውሸት አይደለም። ቅዳሜ ማታ የጌቶቹ ልጆች ሳሎን ሁነው ሲያዩ እኔ ትሪ ይዤ ከበሩ ስንጥቅ አይ ነበር። ሰውየው ሲወድቅ ልጆቹ ያለቅሳሉ። እኔ አላለቅስም፤ እንደሚነሣ አውቃለኋ!» ፈገግ አለ፤ እንዲያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። «አንድ ቀን ያ ካርቶን ግንብ ራሱ ላይ ተደፋበት። ስስቅ ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ተገረፍሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እዚያው ስንጥቅ ላይ ነኝ።»

«ካዩት ታዲያ ለምን ውሸታሞች አሏቸው?»

«ስለዋሹ ነዋ! አንዱ ቀይ ይላል፣ አንዱ ሰማያዊ ይላል። ካባው አረንጓዴ ነበር! በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። አይተውት ቢሆን እንዴት ይስቱታል? ካየ ሰው ሰምተው መሸፈኛ አደረጉት እንጂ።»

«የደጃዝማቹ ቴሌቪዥን ቀለም ነበረው?» አልሁት።

«እንዴታ...» ብሎ ጀመረና አፉ ተከፍቶ ቀረ። ወደ ባሕሩ ዞረ። ከኋላችን ባለ ታንኳዎቹ ስለ እንጨቱ ይጨቃጨቃሉ፤ እሱ አይሰማም። «ነጭና ጥቁር ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዓይኔን ስጨፍን ግን የማየው አረንጓዴ ነው። አሁንም አረንጓዴ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ይፍቷቸው።»

«እኔ ብቻዬን የምፈታ መሰለህ? አለበል ከየት አወቅህ ይለኛል። ደጃዝማች ቤት ነው ያደግሁ ልበለው? በእነሱ ቦታ እኔን ነው የሚያስገባ።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል? አይዞህ ትለኛለህ ስል!»

«ልዋሽዎ አልወድም። ሰዎቹ ነገ ይሄዳሉ። እኔ ብመሰክር ቴሌቪዥን አላየሁም፤ የሙሀመድየሱፍ ሚስት ነጭና ጥቁር ነበር ብትል፣ ሚስቱ ናት ይሏታል። ያየ ሌላ ሰው የለም።»

ያ ጥርጣሬው ተመልሶ ፊቱ ላይ ወጣ። «ጨዋታውን በእውነት አይተውት፣ ባለ ካባው ሲሉ ግን ንጉሡን ማለታቸው ቢሆንስ?»

«እኔም አስቤዋለሁ። የሰው ልብ የሚያይ እግዚአብሔር ነው፤ እኔ የሰማሁት ሳቃቸውን ነው። እርስዎ ቅድም ስለ ካርቶኑ ግንብ ሲያወሩ የሳቁት፣ ያው የእነሱ ሳቅ ነው።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። ከባለ ታንኳዎቹ አንዱ «ጌታው፣ እናውርድ ወይስ እንመለስ?» ብሎ ጮኸ። እጁን አወዛወዘለት፤ ያውርዱ ማለቱ ነው።

«ነገ መኪናው ሳይመጣ ስብሰባ እጠራለሁ» አለኝ። «አለበልም ሌሎቹም ባሉበት፣ ማን ቤት እንዳደግሁና ከየትኛው በር እንዳየሁ እናገራለሁ። ሴትዮዋም ትምጣ፤ ስለ ነጭና ጥቁሩ እሷ ቀድማ ትናገር፣ እኔ እውነት ነው እላለሁ። ለአለበል ግን ዛሬውኑ፣ ከሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ቤቱ ሄጄ ብቻውን እነግረዋለሁ።»

«ልሸኝዎ?» አልሁት።

«እስከ በሩ ድረስ» አለ።