ጄኔራል አፕሎምብ

ልብስ ሰፊዋ የማታ ትምህርት ክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ ተማሪዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ "አለፍሽ?" አሏት።

"ወደቅኩ" አለችና እየሳቀች ቦታዋ ተቀመጠች።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ጠመኔው ከእጁ አመለጠው። አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ሲጠራት ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጃት እሱ ነው። ከስፌት መኪናው ካልተላቀቀች ወገቧ እንደማይድን ሐኪም ነግሯታል።

"ስለ ራስሽ በአንድ ቃል ንገሪን አሉኝ። 'አፕሎምብ' አልኳቸው፤ ሳይደናገጡ ረግቶ መቆም። ወደዱልኝ። ምናለ እዚያው ላይ ባበቃ! ቃሉ ፍርሃት ከማያውቅ ጄኔራል ስም የመጣ ነው ብዬ ጨመርኩላቸው። በሳቅ ፈነዱ።"

"ከምን ነው ታዲያ?" አለ ከኋላ የተቀመጠው ሾፌር።

"ከቱንቢ! ግንበኛ ግድግዳው መዝመሙን የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠለው የእርሳስ ብረት አለ አይደል? ፈረንሳዮች ቀጥ ብሎ የቆመውን በቋንቋቸው 'አ ፕሎም'፣ 'በእርሳሱ ልክ' ይሉታል አሉኝ። ከዚያ ወዲያማ የገዛ ስሜን ስናገር እንኳ ተንተባተብኩ።"

ክፍሉ ሳቀ። የመምህሩ ጆሮ ጋለ። ጄኔራሉን የፈጠረው እሱ ነው። ቃሉን ክፍል ውስጥ ባስተማረ ዕለት ከየት እንደመጣ ስትጠይቀው "አላውቅም" ማለት ሞት መስሎ ታየው። አፉ እንዳመጣለት አንድ ጄኔራል ሾመ፤ አልበቃ ብሎት ነጭ ፈረስ ላይ አስቀመጠው።

"የጄኔራሉን ነገር ቲቸር አይደሉ እንዴ የነገሩን?" አለ ሾፌሩ።

"ኧረ ተው! ቲቸር እንደዚያ አያሳስቱንም። እኔው ነኝ ካልሆነ ነገር ጋር የቀላቀልኩት" ብላ ተቆጣችው። ከልቧ ነበር።

መምህሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አፈረ፤ ዝም ማለቱ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው። እንደዚያው ሆኖ ትምህርቱን ጀመረ። አዲስ ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳይጨርስ ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይሄኛውስ ከየት ነው የመጣው? ዛሬስ ጆሮዬን ከፍቼ ነው የምሰማዎት።"

"አላውቅም" አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "ያኛውንም አላውቅም ነበር። ጄኔራሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አንቺ በደንብ ነው የሰማሽው።"

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ወገቧን በእጇ ደግፋ አየችው። ይቅርታ የሚለው ቃል ብቻውን አነሰበት።

ጠመኔውን አስቀመጠና ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ።

"ተነሺ፣ ሆቴሉ ጋ እንሂድ። መሳቂያው እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"